የተማሪው መሬት በሞጣ ችሎት

ከጎጃም ከተመለስኩ ወዲህ ቢሮዬ ብቅ የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መሬቱን አገኛችሁ?» ብሎ ነው። አዎ ብል ውሸት አይሆንም፤ ገና ነው ብልም ውሸት አይሆንም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻለኛል። ቢቸናና ሞጣን አይቶ የማያውቅ፣ ወደፊትም የማያይ የድሬዳዋ ሰው ብዙ ነውና እግረ መንገዴን ስለ አገሩም አወራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከሞጣ አካባቢ ተነሥቶ ሥራ ፍለጋ ድሬ ወረደና እዚያው ወልዶ ቀረ። ታላቅ ወንድሙ መሪጌታ ላቀው በቤተ ክህነት ትምህርት ገፉ። ከሞጣ ከተማ ወጣ ብሎ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ማሳ አላቸው። ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ ልማር ብለው ማሳውን ትተው ሩቅ ገዳም ገቡ። ዘጠኝ ዓመት ቆዩ። ሲመለሱም ቢቸና አንድ ደብር ቀለብ ሰጥቶ በመምህርነት ያዛቸውና ማሳውን ሳያዩ ዓመታት አለፉ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ደብሩም ሌላ መምህር ተክቷል። አገሬ ገብቼ በማሳዬ ልጦር ብለው ቢሄዱ ቀበሌው «ባለቤቱ ጥሎት ጠፍቷል» ብሎ መሬቱን ባሏ ለሞተባት ለአንዲት ሴት ሰጥቶት አገኙ። የክልሉ የመሬት ሕግ ይዞታውን ጥሎ ለዓመታት የጠፋ ሰው መብቱን ያጣል ይላል። አጎቴ ከዚያ ማሳ ሌላ በዚህ ዓለም ምንም የላቸውም።

እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ከሥራ በኋላም ሕገ መንግሥት አስተምራለሁ። ዐሥር ገጽ ክርክር ጽፌ ላክሁላቸውና በስማቸው ሞጣ ፍርድ ቤት አስገቡት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ አርሶ አደር ከመሬቱ እንዳይነቀል ይጠብቀዋል፤ ክልሉ መሬት የማስተዳደር ሥልጣን ቢኖረውም ያንን ጥበቃ የማንሣት ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ የክልሉ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል። በአገራችን ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ዳኛ አይደለም። የብሔር ብሔረሰቦች እንደራሴዎች የሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዳኛው ያ ጥያቄ ሳይፈታ መወሰን ካልቻለ መዝገቡን አግዶ ጥያቄውን አዲስ አበባ ላለው፣ ምክር ቤቱን ለሚያግዘው አጣሪ ጉባኤ ይልካል። ይህንን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ በእኔ እጅ የተጻፈ አንድም ጥያቄ ግን እዚያ ደርሶ አያውቅም። እንዲደርስ በጣም እፈልግ ነበር። ይህን ከወዲሁ ብናዘዝ ይሻላል።

ቅዳሜ

የመዝገቡ ቀጠሮ ረቡዕ ስለነበር አርብ አዲስ አበባ አድሬ ንጋት ላይ በቢቸና ቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ የሚባልበት ሰሞን ስለነበር ሹፌሩ በየኬላው እየወረደ ይጠይቅ ነበር። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ሙቀቱን እያማረረ መስኮት ያስከፍታል፤ እኔ ሹራቤን አውልቄ ተመቻቸሁ። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ ሰውነቴ የለመደውን አየር ያገኘሁት እዚያ ገደል ውስጥ ብቻ ነው። ደጀን ስንደርስ መልሼ ሹራቡን ለበስኩ፤ እስክመለስም አላወለቅሁትም።

ከደጀን ወደ ቢቸና ሲታጠፉ ግራ ቀኙ ጤፍ ነው። ጥቅምት ስለነበር መንጣት ጀምሯል። እኛ አገር መሬት ማለት አሸዋና ቁልቋል ነው፤ ማንም ለአንድ ማሳ ሲል ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይቼ አላውቅም ነበር። ያንን ሜዳ ሳይ ትንሽ ገባኝ።

ቢቸና ወርደን ሻንጣዬን ከጣሪያ ሲያወርዱልኝ ዘይት ያንጠባጥባል። አንዲት ሴትዮ ከአዲስ አበባ የገዛችው የምግብ ዘይት ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ቁልቁለቱ ላይ በላዩ ሲፈስ መጥቷል። ውስጥ ያለው የጥብቅና ካባዬ ነው። ሴትዮዋ ከእኔ ይልቅ ደነገጠች። «ሳይታጠብማ አይሄድም» ብላ ሻንጣውን ነጥቃኝ ቤቷ ወሰደችኝ፤ ካባውን በአመድና በሳሙና አሽታ አጥባ፣ እንጀራ በድንች ወጥ አብልታ፣ አልጋ እስክይዝ ድረስ ሸኘችኝ። እንጀራው ነጭና ስስ ነው። ድሬ ላይ ይህን ጤፍ ለሠርግ ብቻ ነው የምንገዛው።

እሁድ

አጎቴን አይቻቸው የማውቀው በልጅነቴ አንድ ጊዜ ነው። ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ እጃቸውን ሳምኩ። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም የኔታ አልኳቸው። የሚኖሩት ደብሩ ያዋሳቸው አንዲት ጎጆ ውስጥ ነው። ለአዲሱ መምህር ስለምትፈለግ እስከ ጥር እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶቻቸው እንጂ እርሳቸው አይደሉም።

ከሰዓት በኋላ ዐሥሩን ገጽ አንብቢልኝ አሉኝ። ጸሐይ ላይ ተቀምጠን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን እያጠፉ ሰሙ። ስጨርስ «ጥሩ አርገሽ ጽፈሻል» አሉኝ።

«ይመስልዎታል?»

«አዎን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኸ ሕግ የወጣው ለምንድነው?»

«የትኛው? የክልሉ?»

«እህ። እሱን ሽረሽዋል። ለምን እንደወጣ ግን ዐሥር ገጽ ውስጥ አልነገርሽኝም።»

መሬት ጦም እንዳያድር ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በእርሳቸው ትምህርት ቤት፣ ተማሪ ንባቡን አቃንቶ ሳይጨርስ ወደ ትርጓሜ አይገባም አሉኝ። መምህሩ ትርጓሜ ሲያስቀጽሉ፣ ማለት ሲያስተምሩም፣ አንዱን ፍች በአንዱ ላይ ይደርባሉ እንጂ ንባቡን አይሰርዙም። ተማሪው ከራሱ ያመጣውን ከተናገረ መምህሩ «ከማን ሰማህ?» ብለው ያቆሙታል።

«እኛ ጋ ደግሞ ዳኛ ሕገ መንግሥት አይተረጉምም፤ ምክር ቤቱ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ዳኛው ምን ይሠራል?»

«ያነባል።»

«ማንበብ ቀላል መሰለሽ?» አሉና ወደ ጸሎታቸው ተነሡ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፤ ዐሥር ገጹን ስጽፍ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ሰኞ

በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርገን ሞጣ ገባን። ግንደወይን ላይ ጎማ ተበሳና አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቆምን። የኔታን ያወቀ ሁሉ እየመጣ ይሳለማል፤ አንዱ ወንበር፣ አንዱ ጠላ፣ አንዱ ጥላ ያመጣል። እኔ ተርፎኝ በእርሳቸው ስም ተቀመጥኩ፣ ጠጣሁ፣ ተጠለልኩ። ድሬ ላይ መኪና ቢበላሽብህ በደቂቃ ውስጥ ዐሥር ባጃጅ ይከብሃል፤ ወንበር የሚያመጣልህ ግን አታገኝም።

ሞጣ ያሳደሩን ሐጂ ይማም የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የኔታ በተማሪነታቸው በክረምት የሐጂ አባት ሱቅ በረንዳ ላይ ያድሩ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ አይለያዩም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ለየኔታ ማረፊያ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል አዘጋጅተው ጠበቁን። ሥጋችን አንድ ስለማይሆን በዚያ ቤት ለእንግዳ የሚሠራው ሽሮ፣ ምስርና እንቁላል ነው። የወይዘሮ ዘሀራ ሽሮ ቅመሙ የድሬን ሰፈር አስታወሰኝና እንጀራ ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ፍርድ ቤት ሄድኩ። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ትሑት ወጣት ናት። የጥብቅና ፈቃዴን አገላብጣ አየችው።

«ይኼ የፌዴራል ነው።»

«አዎ። ግን የምቆመው በዘመድነት ውክልና ነው። የወንድማቸው ልጅ ነኝ።»

ሕጉን አውጥታ አሳየችኝ። በዘመድነት የሚቆም ባል አለ፣ ሚስት አለ፣ ወንድም አለ፣ ልጅ አለ። የወንድም ልጅ የለችም። በጠበቃነት ለመቆም ደግሞ የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ድሬዳዋ በየትኛውም ክልል ሥር አይደለችም፤ የክልል ሥልጣን የሚባለውን እኛ ከመጽሐፍ እንጂ ከኑሮ አናውቀውም። የክልሉ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ዐሥር ገጽ የጻፍኩት ሴት በሩ ላይ ቀረሁ።

«መቀመጥ ግን ይችላሉ» አለችኝ ልጅቷ፣ አዝናልኝ። «ችሎቱ ለሁሉም ክፍት ነው።»

ያን ሁሉ አመድና ሳሙና የጨረሰው ካባ ሻንጣ ውስጥ ቀረ።

ከሰዓት በፊት ማሳውን እንይ ብለን በባጃጅ እስከ ከተማው ዳር፣ ከዚያ በእግር ሄድን። መሬቱ ሰፊ አይደለም። ጤፉ ግን ጥሩ ይዟል። ዳር ላይ አቶ ቢያድግ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት አገኙን፤ ከየኔታ ጋር ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ማሳው በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ምን ሆኖ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። በዚያ አገር የሰፈር ሰው ተማሪ ቤት ሲሄድ መሬቱ ጦም አያድርም። ጎረቤቱ በወንፈል ተሰብስቦ ያርስለታል፣ ያጭድለታል፣ እህሉን በአህያ ጭኖ ያለበት ድረስ ይልክለታል። የየኔታ እህል በየዓመቱ ገዳሙ ይደርስ ነበር።

«ታዲያ የቀበሌ ሰዎች መሬት ሊመዘግቡ ሲመጡ ይህን ለምን አልተናገራችሁም?» አልኳቸው።

«የማነው አሉን፤ የተማሪው አልን። የት አለ አሉን፤ ተማሪ ቤት አልን። ጻፉና ሄዱ።»

«እኛ እናርስለታለን አላላችሁም?»

አቶ ቢያድግ የሰደብኳቸው ያህል አዩኝ። «ልጄ፣ ያ ለነፍሳችን ያደረግነው ነው። ከተናገሩትማ ምን ዋጋ አለው?»

ነገ ችሎት ፊት ትመሰክራላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ መልሱ ያው ሆነ። ለጽድቅ የተደረገ ነገር በመሐላ አይወጣም አሉ። የኔታም አልለመኗቸውም። ተናደድኩ። ሰዎቹ ደግ ስለሆኑ አጎቴ መሬት ሊያጡ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም መዝገብ አላጋጠመኝም።

በዚህ መሐል የማሳው ባለቤት፣ ማለቴ ተከሳሿ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ከቤቷ ወጥታ መጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። የየኔታን ጉልበት ሳመች። «ምሳ ደርሷል፤ ሳይቀምሱ አይሄዱም» አለች። እኔ እምቢ ሊል የሚገባው የእኛ ወገን ነው ብዬ ሳስብ አጎቴ ቀድመውኝ ገቡ። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ የባሏ ፎቶ ግድግዳ ላይ አለ። ስለ ክሱ አንድ ቃል ሳይነሣ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ከአንድ ትሪ የቲማቲም ፍትፍት በላን። ስትሸኘን ለእኔ «ነገ እዚያው እንገናኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር።

ራት ላይ ለሐጂ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምስክር ስለሌለን ያለን መንገድ አንድ ነው፤ ጥያቄው አዲስ አበባ ይላክልን ማለት ነው አልኩ።

«በዚያስ ላይ አልስማማም» አሉ ሐጂ። «እኔ ጨርቅ ስነግድ አንዱ ክልል እንዲህ ክፈል፣ ሌላው እንዲያ ክፈል ይለኛል። ያማርረኛል። ግን ሁሉ ነገር አዲስ አበባ ይወሰን ቢባል ደግሞ ሞጣን ማን ያውቃታል? የዚህን አገር መሬት የዚህ አገር ሰው ቢያየው አይሻልም?»

«የዚህ አገር ሰው አይቶ አይደል ለሌላ የሰጠው?» አልኩ።

የኔታ እጃቸውን ታጥበው ጠየቁኝ። «እዚያ ከተላከ እኔ ማሳው ላይ መች እገባለሁ?»

«አላውቅም፤ ጊዜ ይወስዳል።»

«እስከዚያ የት ልቀመጥ?»

ሐጂ «እዚህ ነዋ፣ ሌላ የት?» አሉ፤ የኔታ ግን ፊታቸውን ከእኔ አልመለሱም። ይህን ጥያቄ ክርክሩን ከመጻፌ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። ሀፍረት ተሰማኝ።

ረቡዕ

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ ከድሬው ጋር ሲወዳደር ወንበሩ ያንሳል፣ ጸጥታው ይበልጣል። ከሕዝቡ መሐል ተቀመጥኩ። ዳኛው ወጣት ነው፤ ዐሥሩን ገጽ እንዳነበበው ከመጀመሪያው ቃሉ አስታወቀ። ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ መነሣቱን ለመዝገቡ ተናገረ። ብዕሬን አወጣሁ። ቀጥሎ ግን «ይህን ከመመልከታችን በፊት ያላነበብነው ነገር እንዳይኖር ተከራካሪዎቹን እንጠይቃለን» አለና ወደ ወይዘሮ ጥሩዬ ዞረ።

«መሬቱ ለእርስዎ ሲሰጥ ጦም ያደረ ነበር?»

አላውቅም ብትል ሁሉም ነገር በዚያ ያበቃል፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

«አልነበረም» አለች።

«ማን ያርሰው ነበር?»

«የሰፈሩ ሰው፣ በወንፈል። ባሌም አብሮ ያርስ ነበር።»

«ምርቱስ?»

«ለየኔታ ይላክ ነበር። አንድ ዓመት ራሴ ቋጥሬ ጭኛለሁ።»

«መሬቱን ሲቀበሉ ይህን ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«አውቅ ነበር። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሰጡኝ፣ ተቀበልሁ። ደብተርም ሰጥተውኛል። ሰባት ዓመት አረስሁት።»

ዳኛው ረዘም አድርጎ ጻፈ። ለከሰዓት ቀጠረን። ከሰዓት በኋላ ውሳኔውን ሲያነብ ከአንድ ገጽ አልበለጠም። ክልሉ ይህን ሕግ ያወጣው መሬት ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ነው፤ ይህ መሬት አንድም ዓመት ሥራ አልፈታም፤ በባለይዞታው ስም ሲታረስ ነበር፤ ስለዚህ ጥሎት ጠፍቷል ሊባል አይችልም፤ ተከሳሿ የዘራችውን አጭዳ መሬቱን ትመልስ። የሕገ መንግሥቱ ጥያቄ ለውሳኔው አስፈላጊ ሆኖ ስላልተገኘ አልተመለከትነውም አለ።

አጎቴ አሸንፈው ሳለ እኔ ተከፋሁ። ይህን ስጽፍም ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነው የሆነው። ዳኛው ትክክል መሆኑን እያወቅሁ ተከፋሁ። ክልሉን ሳያዋርድ፣ አዲስ አበባን ሳያስቸግር፣ የተጻፈውን ከዓላማው ጋር አንብቦ ጨረሰው። እሁድ ዕለት አጎቴ የጠየቁኝን ነው የሠራው።

ግቢው ውስጥ ወይዘሮ ጥሩዬ ብቻዋን ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ወደ እኔ መጣች።

«ለየኔታ የጻፉትን ሰምቻለሁ፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አንብባልኛለች። ገበሬ ከመሬቱ አይነቀልም ይላል አሉ።»

«ይላል።»

«እኔስ ገበሬ አይደለሁም?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። መንግሥት ራሱ ደብተር ሰጥቷት ሰባት ዓመት ያረሰች ሴት ናት። ለአጎቴ የጻፍኩት እያንዳንዱ ምክንያት ለእሷም ይሠራል፤ እንዲያውም ለእሷ ይበልጥ ይሠራል። ይግባኝ ማለት ይችላሉ፣ ጊዜው ሳያልፍ ጠበቃ ይፈልጉ አልኳት።

«ጠበቃ ከየት አመጣለሁ?» አለች። አላለቀሰችም። ወደ በሩ መሄድ ጀመረች።

የኔታ አጠገቤ ነበሩ፤ ሁሉንም ሰምተዋል። «ጻፊላት» አሉኝ።

«የኔታ፣ ይግባኙ ቢያሸንፍ መሬቱን ያጡታል።»

«አውቃለሁ።»

«ጥር ላይ ደግሞ ጎጆውን ይለቃሉ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ዛሬ እሷ ባትናገር ኖሮ ምን ነበረኝ? የእኔን ንባብ ያቃናችልኝ እሷ ናት። የእሷንም ደግሞ የሚያነብላት ይኑራት።»

በሙያችን ለአንዱ ቆሞ ለባላጋራው መጻፍ ነውር ነው። እኔ ግን ሬጅስትራሯ ምስጋና ይግባትና የአጎቴ ጠበቃ ሆኜ አላውቅም። ወይዘሮ ጥሩዬን ከበሩ ጠርቼ መለስኳት። በሐጂ ሱቅ፣ በጨርቁ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። ወይዘሮ ዘሀራ ሻይ አመጡልን፤ ሐጂ ገዢ ሲመጣ በሹክሹክታ ያስተናግዱ ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የኔታ ጥግ ባለው በርጩማ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

ከጨረስኩ በኋላ አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ አጎቴ መሬቱን ለምን ማግኘት እንደማይገባቸው የሚያስረዳው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ አዝነሽልኛል» አሉ። «አጠንክሪው።»